ሁለት ጉድጓድ

ልጅ ሆኜ እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ስለት ስታደርስ ዘቢቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጧፉና ዕጣኑ በእሷ እጅ፣ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለው ዘቢብ በእኔ። መንገድ ላይ አንዲት ፍሬ እንኳ ሰርቆ መቅመስ ነውር መሆኑ ተነግሮኝ ስለነበር ወረቀቱን ገለጥ እያደረግሁ አሸተው ነበር እንጂ አፌ ውስጥ አላስገባሁትም። ደርቆ የከረመ ጣፋጭ ነገር ሽታ ነው፤ ትንሽ አበባ፣ ትንሽ ማር፣ ከሥሩ ደግሞ የፀሐይ ትኩሳት ያለበት። ያ ዘቢብ ቤተ ልሔም ውስጥ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶና ተጠልሎ ለቅዳሴው ወይን እንደሚሆን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ የጣሊያን ነጭ ወይን ጠርሙስ ላይ «ዚቢቦ» የሚል ቃል አነበብኩና ቆም አልኩ። ቃሉ የማውቀው ቃል ነው። ዓረቦች የደረቀ ወይንን ዘቢብ ይላሉ፤ ስሙ በአንድ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ፣ በሌላ በኩል የሜዲትራኒያንን ባሕር አቋርጦ ወደ ሲሲሊ ሰዎች ደረሰ። እኛ ዘንድ የደረቀው ፍሬ ስም ሆኖ ቀረ፤ እነሱ ዘንድ የወይኑ ዝርያ ስም ሆነ። ቡሹን ነቅዬ አፍንጫዬን ወደ ብርጭቆው ሳስጠጋ ያ ቡናማ ወረቀት ዐይኔ ላይ መጣ።

ሰው ስለ ነጭ ወይን ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ቅዝቃዜውን ነው። በሙቀት ቀን የሚጠጣ፣ ለዓሣ የሚስማማ፣ ቀለል ያለ መጠጥ። እንዲያ ሆኖ የሚሠራ ወይን ሞልቷልና አልተሳሳቱም። ከጣሊያን ነባር ዝርያዎች የሚጠመቁትን ነጭ ወይኖች ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ጎልቶ የሚታየው የሰው እጅ ነው። ቀይ ወይን ጉድለቱን በቀለሙና በቆዳው ብርታት ሊሸፍን ይችላል፤ ነጩ መሸፈኛ የለውም። ያልበሰለ ፍሬ ከገባበት፣ የሻገተ ዘለላ ካመለጠ፣ ጭማቂው ያለ ጊዜው አየር ካገኘው፣ ብርጭቆው ውስጥ ራሱን ያጋልጣል። ስለዚህ ጥሩ ነጭ ወይን ሲገጥመኝ ስለ ጣዕሙ ከማሰቤ በፊት የሠራው ሰው ምን እንዳደረገና ምን ከማድረግ እንደተቆጠበ አስባለሁ። ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ሥራ ደግሞ መሬት ውስጥ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ ነው። አንዱ ጉድጓድ ያለው በጣሊያን ሩቅ ደቡብ ነው፤ ሌላው በሰሜን ምሥራቅ ድንበሯ ላይ።

የመጀመሪያው ፓንቴለሪያ ደሴት ላይ ነው። ፓንቴለሪያ በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል የምትገኝ፣ እሳተ ገሞራ የወለዳት ጥቁር ደሴት ናት። በአስተዳደር የጣሊያን ብትሆንም የምትቀርበው ለአፍሪካ ነው፤ ወደ ቱኒዚያ 70፣ ወደ ሲሲሊ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል። ስፋቷ 83 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዝ የላትም። ዓረቦች ወደ 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስለኖሩባት የሰፈሮቿ ስሞች እስካሁን የእነሱ ናቸው፦ ካማ፣ ጋዲር፣ ቡኩራም። ዳሙሶ የሚባሉት የድንጋይ ቤቶቿ ጣሪያቸው ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ በክረምት የሚወርደው ዝናብ በጣሪያው ላይ ተንሸራቶ ከሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ። ነፋሱ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ የሚያስቆመው ነገር የለም።

እዚህ የሚተከለው ያው ዚቢቦ ነው። ወይን ሐረግ ነው፤ ከተተወ ሽቅብ መውጣት ይወዳል። በሌላ አገር በእንጨትና በሽቦ ይደገፋል። እዚህ ግን ሽቅብ የወጣ ሐረግ ነፋሱ ይሰባብረዋል፣ ከባሕር የሚመጣው ጨው ደግሞ ቀንበጡን ያቃጥለዋል። ስለዚህ የደሴቲቱ ገበሬ ተክሉን ወደ ላይ ማሳደጉን ትቶ ወደ ታች አወረደው። መሬቱን ደልድሎ ለእያንዳንዱ ተክል እንደ ሰፊ ሳሕን ጎድጎድ ያለ ጉድጓድ ያበጃል። ሐረጉ መሐሉ ላይ ይቀመጣል። ግንዱ አጭር ነው፤ ሲገረዝ ስድስት ቅርንጫፍ ይቀሩለታል፣ እነሱም እንደ ፀሐይ ጨረር በዙሪያው ተዘርግተው መሬቱን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ያድጋሉ። አልቤሬሎ ይሉታል፣ «ትንሽ ዛፍ» እንደማለት። ማሳው ከሩቅ ሲታይ፣ በየጎጇቸው እንቁላል ታቅፈው የተኙ ዶሮዎች የሞሉበት መስክ ይመስላል።

ይህን ጉድጓድ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጠርዙ ከመሬቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚቆም ነፋሱ በላዩ ያልፋል እንጂ ውስጡ አይገባም። የሌሊቱ ጤዛና ጥቂቷ ዝናብ ወደ መሐሉ፣ ወደ ሥሩ ትወርዳለች። ቅጠሎቹ ከላይ ተጋርደው ዘለላውን ከቀትር ፀሐይ ይከልሉታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተገኘው ከአፈር ቅርጽ ብቻ ነው። ሽቦም፣ ቧንቧም፣ ማሽንም የለበትም። አንዴ ተቆፍሮ የሚተው ነገርም አይደለም፤ ዝናቡ ጠርዙን ይንደዋል፣ ነፋሱ አፈር ይሞላበታል፣ ተክሉም ሲያድግ ልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ገበሬው እየተመላለሰ በዶማ ያድሰዋል፣ በእጁ ዳር ዳሩን ይደለድላል። መግረዙም እንዲሁ ነው። የትኛው ቅርንጫፍ ይቅር፣ ፊቱ ወዴት ይዙር፣ ስንት እንቡጥ ይተውለት የሚለውን ልጅ ከአባቱና ከእናቱ አጠገብ ተንበርክኮ፣ በደሴቲቱ ቋንቋ እየተነገረው ይማራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የእርሻ ዘዴ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲያሰፍረው፣ የመዘገበው ወይኑን ሳይሆን ይህን በእጅና በቃል የሚተላለፍ ዕውቀት ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በዚችው ደሴት ላይ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በጥቁር ድንጋይ የተካበ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ክብ ግንብ ይገኛል። ጣሪያ የለውም፣ በሩም ጠባብ ነው። ገብቶ ለሚያይ ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ አንድ የብርቱካን ወይም የሎሚ ዛፍ ብቻ ነው። ለአንድ ዛፍ ግንብ የሚክብ ገበሬ ለአንድ የወይን ሐረግ ጉድጓድ ቢቆፍር ምኑ ይገርማል?

ለቀማው በሐምሌ መጨረሻ ይጀምራል። ዘለላው ከጉልበት በታች ስለሆነ ለቃሚው ወገቡን አጥፎ ነው የሚውለው፤ ማሽን የሚገባበት ቦታ የለም። ፓሲቶ የተባለውን ጣፋጭ ወይን ለመሥራት በመጀመሪያ የተለቀመው ፍሬ አይጠመቅም፤ በፀሐይ ላይ ይሰጣል። ስጥ ጠብቆ ያደገ አንባቢ ሥራውን አሁኑኑ ያውቀዋል። ዘለላው አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረብ ይነጠፋል፤ በየጊዜው በእጅ ይገለበጣል፤ እርጥበት የመጣ እንደሆነ ይሸፈናል፤ የተበላሸች ፍሬ ከታየች ለብቻዋ ተለቅማ ትወጣለች። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ወርቅማው ፍሬ መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ይሸበሸባል፣ በመጨረሻም ጥቁር ቡናማ ይሆናል። ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ አየር ሄዷል። በቃ፣ ዘቢብ ሆነ።

ለእኔ የጥበቡ ማዕከል ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በመስከረም ገደማ ሐረጉ ላይ የቆየው ፍሬ ይለቀምና ይጨመቃል፤ ጭማቂውም መብላላት ይጀምራል። በዚህ መሐል የደረቀው ዘቢብ ፍሬ በፍሬ ከግንጫፉ በእጅ ይፈለፈላል። ከግንጫፉ ጋር ቢገባ መራራ ያደርገዋልና። የተፈለፈለው ዘቢብ በሚብላላው ጭማቂ ውስጥ ይጨመራል፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ አይደለም፣ እየተከፈለ ነው። ጠጅ ጥላ የምታውቅ ሴት ምክንያቱን ለማንም ሳትጠይቅ ትረዳዋለች፦ ጣፋጩ በአንድ ጊዜ ከበዛ እርሾው ይደክማል። ስለዚህ ጥቂት ዘቢብ ይገባል፣ ፍሬው ጭማቂውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ስኳሩንና ሽታውን ይለቃል፣ እርሾው ያንን ይሠራል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ወይን ሠሪው በጆሮውም በአፍንጫውም ይጠብቃል። ቀስ በቀስ አልኮሉ እየበረታ፣ ስኳሩም እየከበደ ሄዶ እርሾው ይቆማል፤ ያልተበላው ጣፋጭ በወይኑ ውስጥ ይቀራል። ከውጪ ስኳር አልተጨመረበትም።

ሲቀመስ የደረቀ በለስ አለው፣ ማር አለው፣ የብርቱካን አበባ አለው። እነዚህን ሁሉም ይናገራቸዋል። እኔን የያዘኝ ግን ከዋጥሁት በኋላ የመጣው ነው። ይህን ያህል ጣፋጭ ነገር አፍ ላይ ተጣብቆ መቅረት ነበረበት፤ አልቀረም። ጎምዛዛነቱና የጨው ስሜት የመሰለ አንዳች ነገር ተከትለው መጥተው ምላሴን አጠቡት። ከደሴቲቱ ወይኖች ስሙን ከሚያስጠሩት አንዱ ቤን ሪዬ ይባላል፤ በዓረብኛ «የነፋስ ልጅ» ማለት ነው። ስሙን የመረጠለት ሰው ቀምሶ የሰየመው ይመስላል።

ከዚሁ ፍሬ ጣፋጭነት የሌለው ወይንም ይሠራል። በእኛ ጠጅ ቤት ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ እንደሚባለው፣ ይህኛው ደረቁ ነው። ማርኮ ዴ ባርቶሊ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2011 ያረፈው ሲሲሊያዊ ወይን ሠሪ፣ ዚቢቦ ለጣፋጭ ብቻ ነው ይባል በነበረበት ዘመን ፒየትራኔራ ብሎ ደረቅ አድርጎ ጠመቀው። ስሙ «ጥቁር ድንጋይ» ማለት ነው። ሲያሸቱት አፍንጫ ማርና አበባ ይጠብቃል፤ ሲጎነጩት ምላስ የሚያገኘው የሎሚ ልጣጭና ባሕር ነው። በአፍንጫና በምላስ መካከል ያለውን ያንን ልዩነት በጣም እወደዋለሁ።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ይኖራል። ዚቢቦ በሌላ ስሙ የእስክንድርያ ሙስካት ነው፤ በብዙ አገር ይበቅላል፤ የዘር ምርመራውም ከወላጆቹ አንዱ ከግሪክ ደሴቶች ጋር የሚዛመድ መሆኑን አሳይቷል፤ ታዲያ እንዴት የጣሊያን ነባር ዝርያ ይባላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ ጉድጓዱ ነው። አንድ ተክል ለአንድ ቦታ ተብሎ ቁመቱ፣ ቅርንጫፉ፣ አቀማመጡ በትውልዶች እጅ ከተለወጠ፣ የዚያ ቦታ ልጅ ሆኗል። በትውልድ ብቻ የሚለካ ከሆነ ስንቱ ነገር ከገዛ ቤቱ ይባረራል።

በትውልድም በአስተዳደግም የጣሊያን የሆኑ ሞልተዋል። በኤትና ተራራ ምሥራቃዊ ገጽ ላይ፣ ሚሎ በምትባል ከፍ ያለች ቀበሌ፣ ካሪካንቴ ይበቅላል። ጎምዛዛነቱ ብርቱ ስለሆነ የጥንቶቹ ወይን ሠሪዎች እስከ ጸደይ ድረስ ከአተላው ሳይለዩ ያቆዩት ነበር፤ አየሩ ሲሞቅ የፖም ጎምዛዛው በራሱ ጊዜ እንዲለሰልስ። በሰሜን፣ በቶርቶና ኮረብቶች፣ ቲሞራሶ አለ። እሱ ደግሞ እኩል የማይበስል፣ ፍሬው የሚረግፍ፣ ምርቱ የማያስተማምን አስቸጋሪ ተክል ነው፤ ገበሬው ተስፋ ቆርጦበት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ዋልተር ማሳ የተባለ የሞንሌያሌ ሰው እ.ኤ.አ. በ1987 ለብቻው ጠመቀው። ዛሬ እነዚያ ኮረብቶች የሚታወቁት በእሱ ነው። ስለ ማሳ ብቻ ሌላ ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል፤ አሁን ግን ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ልሂድ።

ኦስላቪያ ጎሪዚያ ከተማ አጠገብ፣ በስሎቬኒያ ድንበር ላይ ያለች ትንሽ ኮረብታማ መንደር ናት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኢዞንዞ ወንዝ አካባቢ በተደረጉት ውጊያዎች ፈራርሳለች፤ ከመንደሯ አጠገብ ባለው መታሰቢያ ውስጥ ከ57,000 የሚበልጡ ወታደሮች አፅም አርፏል። አፈሩ ፖንካ ይባላል፤ ከባሕር ወለል የተነሳ፣ ሲይዙት በእጅ የሚፈረካከስ ድንጋይ ነው። በዚህ አፈር ላይ ሪቦላ ጃላ ይበቅላል። ጃላ ቢጫ ማለት ነው። ቆዳው ወፍራም፣ ጭማቂው ግን ሽታው ዝም ያለ ነው። ጨምቀው ቆዳውን ቢጥሉት የሚያገኙት ንጹሕና ቀጭን፣ ቶሎ የሚረሳ ወይን ነው።

ዮሽኮ ግራቭነር የዚህ መንደር ሰው ነው። በወጣትነቱ ዘመናዊውን መንገድ ሁሉ ሞክሯል፤ የብረት ጋኖችን፣ ከዚያም ከፈረንሳይ የመጡ ትናንሽ የእንጨት በርሜሎችን። ተደንቆለታልም። እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ ሄዶ የወይን ፋብሪካዎችን ሲጎበኝ ግን ልቡ ተመለሰ፤ ያ የሚከተለው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ አየ። በ1996 በረዶ ጥሎ ሪቦላውን አወደመበት። በተረፈችው ጥቂት ፍሬ ጭማቂውን ከቆዳው ጋር አብሮ የማብላላት ሙከራ አደረገ፤ አያቶቹ ያደርጉት እንደነበረው። በ2000 ደግሞ ወደ ጆርጂያ ተጓዘ፤ በዚያ አገር ወይን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ጋን ይጠመቃል። ክቬቭሪ ይሉታል። ጋኖቹን ወደ ኦስላቪያ አስመጥቶ በጓዳው ወለል ውስጥ ቀበራቸው። ከ2001 ጀምሮ ወይኑን የሚያብላላው በእነሱ ውስጥ ነው።

ጋን ስል እኛ የምናውቀውን የጠላ ጋን አስቡ፤ ነገር ግን ከ1,000 ሊትር በላይ የሚይዝ፣ ታቹ እየሾለ የሚሄድ፣ በራሱ የማይቆም፣ መሬት ካላቀፈው የሚወድቅ። ውስጡ በንብ ሰም ተቀብቷል። የእኛ ሰው ጋኑን በወይራ ያጥናል፤ ጆርጂያዊው በሰም ይቀባዋል። ሁለቱም ሸክላ ቀዳዳ እንዳለው፣ እንደሚተነፍስ፣ ያንን እስትንፋስ መግራት እንደሚገባ የሚያውቁ ናቸው። መሬቱ ደግሞ የጋኑን ሙቀት ይጠብቃል፤ መብላላቱ ሲያፋፍም ሙቀቱን ይወስድለታል፣ ክረምቱ ሲመጣ ብርዱን ይከለክልለታል።

ሪቦላው የሚለቀመው መጸው ገፍቶ ነው። ፍሬው ከነቆዳው ጋኑ ውስጥ ይገባል፤ ከውጪ እርሾ አይጨመርበትም። መብላላት ሲጀምር ቆዳው ሁሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ወፍራም ሽፋን ሆኖ አፉን ይደፍናል። እንዲያ ከተተወ ከላይ ያለው ይደርቃል፣ ይሆመጥጣል። ስለዚህ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ከጋኑ አፍ በላይ ቆሞ በእንጨት ዘንግ ሽፋኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ገፍቶ ይሰብረዋል፣ ያጠልቀዋል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይገፋል። በኃይል ከተመታ ቆዳው ተፈጭቶ መራራ ይተፋል፤ በስሱ ከተነካ ደግሞ ከሥሩ ያለው አይረጥብም። መብላላቱ ሲያልቅ አፉ ይዘጋና ወይኑ እስከ ጸደይ ከቆዳው ጋር ይቆያል። ከዚያ ይጨመቃል፣ እንደገና ወደ ጋን ይመለሳል፣ በመጨረሻም ትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ውስጥ ስድስት ዓመት ይተኛል። ከለቀማ እስከ ገበያ ሰባት ዓመት ማለት ነው።

የሚወጣው ነገር ነጭ ለማለት ያስቸግራል። ቀለሙ የተጣራ ጠጅ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው መዳብ ይመስላል። መጀመሪያ ወደ ገበያ ሲወጣ ብዙ ተቺ ፊቱን አዞረበት፤ ነጭ ወይን እንዲህ አይመስልም ተባለ። ግራቭነር ወደ ኋላ አላለም። ይልቁንም ሌሎቹን ነጭ ዝርያዎች ነቅሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ምርት በኋላ ከነጭ የሚጠምቀው ሪቦላን ብቻ ሆነ። ይህን ውሳኔ ባሰብሁ ቁጥር አከብረዋለሁ። ሁሉን የሚችል እጅ አንዱን ብቻ መርጦ ዕድሜውን ሰጠው። መጠጫውንም ሳይቀር እግር የሌለው፣ በመዳፍ የሚታቀፍ አድርጎ አሠራው።

አንድ ጠርሙስ ለአራት ቀን አቆይቼ ጠጥቼዋለሁ። እንዲህ ዓይነቱ ወይን ከቆዳው ያገኘው ጥንካሬ ስላለው ከተከፈተ በኋላ ቶሎ አይሞትም። አልቀዘቀዘም ነበር፤ በጓዳው ሙቀት ነው የቀዳሁት። በመጀመሪያው ቀን እንደ ወፍራም ሻይ ድዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ሽታው ብዙ አልተናገረም። በሁለተኛው ቀን የደረቀ ሳር፣ ደረቅ የብርቱካን ልጣጭ። በሦስተኛው ማር መጣ፤ ስኳሩ የሌለበት፣ ሽታው ብቻ የቀረ ማር፣ ከባዶ ቀፎ እንደሚወጣው። በአራተኛው ቀን ምሽት የቀረችው ከታች ደፍረስ ያለችው ነበረች። ለእንግዳ የማትቀርብ። መብራቱን አጥፍቼ በመስኮቱ ብርሃን ቀዳኋት፤ ጭምደዳው ለዝቧል፣ በእሱ ቦታ ለስላሳ ነገር ተተክቷል፣ ሽታውም ዝናብ ያገኘው ሸክላ ሆኗል። ብርጭቆውን በመዳፌ እንደያዝሁ ለረጅም ጊዜ አላስቀመጥሁትም።